ኮቱ አለ፣ እሱም አለ

በጽድ አፋፍ የመንግሥት ሠራተኛ ሁለት ኮት አለው፤ አንዱ የሚለብሰው፣ ሌላው የሚሠራለት። የሚሠራለት ኮት ጠዋት ከወንበር መደገፊያ ላይ ይሰቀልና ትከሻውን ቀጥ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ባለጉዳይ ሲያስተናግድ ይውላል። «የሉም እንዴ?» ብሎ ለጠየቀ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «አሉ እንጂ፣ ኮታቸው ይኸው አይደል? አሁን ወጣ ብለው ነው።» ይህ «አሁን» ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ደፍሮ የጠየቀ ባለጉዳይ ግን እስካሁን አልተሰማም።

ደምሌ ይህን ጥበብ አልፈጠረውም፤ ሲቀጠር ከነወንበሩ የተረከበው ነው። እሱ የጨመረበት ኢንተርኔቱን ብቻ ነው።

ጽድ አፋፍ ከጋይንት ወደ ስማዳ ሲወረድ ገደል ጫፍ ላይ የተኮለኮለች ትንሽ ከተማ ናት። ደምሌ በዚያ የገበሬውን የመሬት ይዞታ የሚመዘግብ ባለሙያ ነበር። የማን ማሳ ከማን ማሳ እንደሚዋሰን፣ ልኩ ስንት እንደሆነ፣ ሁሉም በቢሮው ኮምፒውተር ውስጥ አለ። ድንበር የተገፋ ሰው መጥቶ «ማረጋገጫ ስጡኝ» ሲል ደምሌ መዝገቡን ያያል፣ ደብዳቤውን ያትማል፣ ይፈርማል፤ ኃላፊው ማኅተሙን ያሳርፍበታል። ከፊርማው በቀር ሥራው ሁሉ በጣት የሚያልቅ ነው። ችግሩ የደምሌ ጣት ጽድ አፋፍ፣ ልቡ መካነ ኢየሱስ መሆኑ ነበር።

ሚስቱ ሰብለ እስቴ መካነ ኢየሱስ ታስተምራለች። ከተጋቡ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ ዝውውር ጠይቆ ስድስቱንም ጊዜ «በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታያል» ተብሏል። ሁለቱ ከተሞች ለአሞራ ጎረቤት ናቸው። አውቶቡስ ግን አሞራ አይደለም፤ በደብረ ታቦር ዞሮ፣ እዚያ ሌላ መኪና ተለውጦ፣ አቧራ ተጠጥቶ፣ ሙሉ ቀን ነው። በሁለት ሺህ ስምንት ጥር ላይ ሰብለ ማርገዟን በስልክ ስትነግረው፣ ደምሌ ጽድ አፋፍ የሚኖር አባትና መካነ ኢየሱስ የሚወለድ ልጅ ምን አድርገው እንደሚተዋወቁ ጠፋው።

በዚያው ሰሞን ኮምፒውተር ሊጠግን ከዞን የመጣው ጌዲዮን መላውን አመጣለት።

«አንተ ሰውዬ ምን ያንከራትትሃል?» አለው የፕሪንተሩን ሆድ እየጎረጎረ። «ኮምፒውተሩ እዚህ ይቀመጥ። አንተ እቤትህ ሆነህ ብሮውዘር ትከፍታለህ፣ አድራሻውን ትጽፋለህ፣ እነዚህን ስድስት ቁጥሮች ትመታለህ። ቢሮህ ላፕቶፕህ ላይ መጥቶ ቁጭ ይላል።»

«መዝገቡም?»

«መዝገቡም።»

«ፕሪንተሩስ?»

«እዚያ ሆነህ ታዘዋለህ፣ እዚህ ያትማል።»

«ፊርማስ?»

ጌዲዮን ሳቀ። «ፊርማማ እጅ ይፈልጋል። እሱን ገና አላዘመኑትም።»

መጀመሪያ ዓርብን ብቻ ነበር። ዓርብ ብቻውን ምን ይሠራል ተብሎ ሰኞ ተጨመረለት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል እንደሚባለው፣ የካቲት ሲገባ ደምሌ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ መጥቶ፣ የተጠራቀመውን ፈርሞ በነጋታው የሚመለስ እንግዳ ሆነ። ቀሪውን ቀን መካነ ኢየሱስ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይሠራል፤ ኔትወርክ የሚይዘው በዚያ በኩል ብቻ ነው። መሥራቱንስ ይሠራ ነበር፤ አይታማም። ሪፖርቱ ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። ኃላፊው በስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ «እንደ ደምሌ ከወንበሩ የማይነሣ ሠራተኛ ሁለት ቢኖረኝ» ብሎ አመስግኖታል። ደምሌ ያን ምስጋና የሰማው በስልክ ነው።

የምስጢሩ ተካፋይ ጸሐፊዋ እታለም የሺ ነበረች። ባሏ ሹፌር ስለነበር ናፍቆት ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ «ያረገዘች ሴት ብቻዋን አትተውም» ብላ እሺ አለችው። በሁለት ሰዓት ተኩል ኮምፒውተሩን ታበራለች፣ ኮቱን ከአቧራው ታራግፋለች፣ ባለጉዳይ ሲመጣ «አሁን ወጣ ብሎ ነው» ትላለች።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ልብ ያላለው አንድ ነገር ነበር። ባለሙያው ፈቃድ ከወጣ፣ ወይም ከታመመ፣ ተወካዩ ይፈርምለታል። ባለሙያው ካለ ግን ተወካዩ እጁን አያስገባም፤ ደንቡ ነው። ደምሌ ደግሞ ምንጊዜም አለ።

ሕሊናው ሲቆረቁረው ደምሌ መልስ ነበረው። መልሱን ያገኘው ከልጅነቱ ነው። ቄስ ትምህርት ቤት ሳለ፣ የኔታ ቀለመ ወርቅ ከመደባቸው ተነሥተው ሲወጡ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ቦታቸው ላይ ያስቀምጡ ነበር። ጋቢው ካለ የኔታ አሉ፤ ማንም ንባቡን አያቋርጥም፣ ማንም አይነሣም። አንዱ «እንግዲህ ሄደዋል» ብሎ ቢዘላብድ ከግድግዳው ጀርባ «ወደ ኋላ ተመለስ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። እሳቸው ጋይንት ቤተ ልሔም ወርደው ድጓ ያስመሰከሩ፣ የዜማ ግድፈት በግድግዳ የሚሰሙ ሰው ናቸው። «እኔስ ምን አደረግሁ?» ይል ነበር ደምሌ ለራሱ። «ጋቢዬን ትቼ ከግድግዳው ጀርባ ሆንኩ እንጂ። ግድግዳው ትንሽ ወፈረ፤ ያው ነው።»

ግንቦት ስምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ እታለም የሺ ደወለች።

«ደምሌ፣ አንድ የኔታ መጥተዋል። ከዋሻ አቦ ጉባኤ ቤት። ተማሪዬ ነው ይላሉ።»

ደምሌ ከወንበሩ ብድግ አለ። «የኔታ ቀለመ ወርቅ?»

«እንግዲህ ስማቸውን እኔ ደፍሬ ልጠይቅ? ጥምጥማቸው ይሄን ያህላል፣ መቋሚያቸውን ይዘዋል። ጨዋ ሽማግሌ ናቸው።»

«ምን ፈልገው?»

«ቢሆነኝ የሚሉት ጎረቤታቸው የተማሪዎቹ ጎጆ ያለበት ቦታ የኔ ነው ብሎ ከሷቸዋል። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ቀጠሮ ነው፤ እዚሁ ከኛ ግቢ ማዶ ካለው ፍርድ ቤት። ቦታው የጉባኤ ቤቱ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ካላቀረቡ አርባ ተማሪ ሜዳ ላይ ሊወድቅ ነው።»

«አንቺ ምን አልሻቸው?»

«ምን እላለሁ? ወጣ ብሏል አልኳቸዋ! 'እጠብቀዋለሁ' ብለው ቁጭ አሉ።»

ደምሌ ብሮውዘሩን ከፈተ፤ ስድስቱን ቁጥር መታ። የቢሮው ኮምፒውተር እየተንገዳገደ መጣለት። መዝገቡን ሲያገኘው ሦስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ቦታው ገና ልኬታ ሲጀመር በጉባኤ ቤቱ ስም ተመዝግቧል፤ በሰሜን ገደል፣ በምሥራቅ ቢሆነኝ። ሰማይ እንኳን እንዲህ ጥርት አይልም። አንዲት ገጽ ደብዳቤና አንድ ፊርማ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

«ሄደህ ፈርመህላቸው ና» አለችው ሰብለ ነገሩን ስትሰማ።

«ደቦውስ?»

ደቦው ለረቡዕ ተጠርቷል። ክረምቱ ሳይገባ አዲሱን ቤታቸውን ጭቃ ለመምረግ ሠላሳ ሰው ቃል ገብቷል፤ ጭቃው በጭድ ተቦክቷል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ኀምሳው ስላልወጣ ረቡዕም ፍስክ ነውና ሙክቱ ታስሮ ቆሟል። ማክሰኞ ቢሄድ ረቡዕ ማታ ነው የሚመለሰው። ደቦ ላይ ደግሞ ኮት ሰቅሎ መጥፋት አይቻልም። ባለቤቱ ራሱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ካልገባ ሠላሳው ሰው ነገ በመንገድ ላይ ሰላም አይለውም።

«እንግዲያ ላለቃህ ደውል» አለች ሰብለ። «የለሁም በለው። ተወካዩ ይፈርምላቸው።»

«ከዚያ 'ከመቼ ጀምሮ ነው የሌለኸው?' ቢለኝስ?»

ሰብለ እጇን ሆዷ ላይ አደረገችና፣ «እሱን እንኳን ቀድመህ ብታስብበት ጥሩ ነበር» አለች።

ማክሰኞ የኔታ በማለዳ መጥተው ተቀመጡ። እታለም የሺ «መስክ ወጥቷል፣ ማታ ይመለስ ይሆናል» አለቻቸው፤ እስከ ማታ ጠበቁ። ከሰዓት በኋላ ደምሌ አላስችል አለው። ኮምፒውተሩ አናት ላይ ለስብሰባ ተብሎ ከዞን የተላከ፣ አንድም ስብሰባ አይቶ የማያውቅ ካሜራ ነበር። ከፈተው።

መጀመሪያ የታየው የራሱ ኮት ነው። አንገት የሌለው ትከሻ፣ ሁለት የተንጠለጠሉ እጅጌዎች። ከኮቱ በስተጀርባ፣ ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ፣ የኔታ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። ጺማቸው ነጭ ሆኗል። ድምፅ አይመጣም፤ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊታቸውን በቃል እየደገሙ ነው። አንድ ባለጉዳይ በሩን ከፍቶ ገባና አንድ ነገር ጠየቃቸው። የኔታ በአገጫቸው ወደ ኮቱ አመለከቱ። ደምሌ ያሉትን ሳይሰማ አወቀው። ልብሱ አለ፤ እሱም አለ።

ባለጉዳዩ አጠገባቸው ተቀመጠ። ደምሌ ካሜራውን ዘጋ።

ረቡዕ ደቦው ደመቀ። ደምሌ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃ ሲረግጥ፣ ሠላሳው ሰው እየፎከረና እየተሳደበ ሲመርግ፣ እኩለ ቀን ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ሊሄዱ ነው» አለች እታለም የሺ። «ደብዳቤው ካልደረሰ ምን ይደረጋል፣ ነገ ማልጄ ከዳኛው ፊት ቆሜ 'ባለሙያውን ሦስት ቀን ብጠብቅ አላገኘሁትም፣ ቀጠሮ ይራዘምልኝ' እላለሁ አሉ። መልካም ነው፣ አይደል? ልልቀቃቸው?»

መልካም ነበር። ከመልካምም መልካም ነበር። ቀጠሮው ይራዘማል፣ ደምሌ በሚቀጥለው ሳምንት መጥቶ ይፈርማል፣ ጎጆዎቹ ይተርፋሉ። በደምሌ ጆሮ ውስጥ የቀረው ግን «ባለሙያውን ሦስት ቀን ብጠብቅ አላገኘሁትም» የሚለው ብቻ ነው። ይህ ቃል ከዳኛው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ዳኛው ኃላፊውን በደብዳቤ ይጠይቃል። ኃላፊው ኮቱን ይጠይቃል።

«ቆይ! አትልቀቂያቸው!»

«ምን ብዬ ላስቀምጣቸው?»

«አንቺ ምንም አትበይ። ወደ ቢሮ አስገቢያቸው ብቻ።»

እጁን ሳይታጠብ ወደ ቤት ሮጠ። የላፕቶፑ ቁልፎች በጭቃ ተለወሱ። ብሮውዘሩ ተከፈተ፣ ቁጥሩ ተመታ፣ ካሜራው በራ። የኔታ ከአግዳሚው አጠገብ ቆመዋል፤ ሊሄዱ ከረጢታቸውን አንግተዋል። ደምሌ ባዶ ገጽ ከፍቶ ፊደሉን ከሩቅ እንዲነበብ አድርጎ አተለቀውና መጻፍ ጀመረ፦

«የኔታ፣ ደምሌ ነኝ። መስክ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልዎት። ነገ ማልጄ እደርሳለሁ። ሳልደርስ ወደ ዳኛው እንዳይገቡ። ደብዳቤውን ይዤ አብሬዎት እገባለሁ።»

የኔታ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ መለሱ። ቀስ እያሉ ቀረቡ፤ ኮቱን እንዳይነኩ ጥንቃቄ አድርገው በወንበሩ ጎን አጎነበሱ። ዓይናቸው ከቀኝ ከግራ ሲመላለስ፣ ፊደል በፊደል ሲያነቡ ደምሌ አየ። ጨርሰው ቀና አሉ። ከዚያ የእጅ መስቀላቸውን ከእቅፋቸው አውጥተው ስክሪኑን ባረኩት፤ ከረጢታቸውን አውልቀው ተመልሰው ተቀመጡ።

ደምሌ መቼም ሊደርስ አስቦ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደውን አውቶቡስ ይዞ፣ እዚያ አድሮ፣ ንጋት ላይ በመጀመሪያው መኪና ሊገሰግስ። ነገር ግን ምርጊቱ ሲያልቅ ምርቃቱ አላለቀም፤ ምርቃቱ ሲያልቅ ጠላው አላለቀም። «ባለቤቱ ሳይቀምስ?» ሲሉት ቀመሰ። አውቶቡሱ ሄደ። ሐሙስ ንጋት በአሥራ አንድ ሰዓት ተሳፈረ። በዚያ ሰዓት የተነሣ ሰው በሦስት ሰዓት ጽድ አፋፍ እንደማይደርስ መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፤ ከደምሌ ይበልጥ መንገዱን የሚያውቅ ደግሞ አልነበረም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እታለም የሺ ደወለች።

«የት ደረስክ?»

«ደርሻለሁ።»

«የት?»

«ደርሻለሁ አልኩሽ! ከተማው መግቢያ ጠምዛዛው ላይ ነኝ። እንዳይነሡ በያቸው።»

አውቶቡሱ ያን ጊዜ ገና ደብረ ታቦር ለመግባት አቀበቱን ሲያቃስት ነበር። እዚህ አገር «ደርሻለሁ» ማለት ገና ተነሣሁ ማለት እንደሆነ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። የኔታ ቀለመ ወርቅ ብቻ አያውቁም፤ ስልክ የላቸውም።

በስምንት ሰዓት ከመኪና ሲወርድ እታለም የሺን ከግቢው በር ቆማ አገኛት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

«ተፈረደ» አለችው። «ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስማቸውን ሦስት ጊዜ ጠሩ። እኔ ማኅተም ላስመታ ወጥቼ ነበር፤ ስመለስ ሰምቼ ሮጥኩ፣ አለቀ። 'ተከሳሽ አልቀረቡም' ተብሎ የቢሆነኝ ምስክሮች ተሰሙና በሌሉበት ተፈረደባቸው።»

«ሂዱ አላልሻቸውም?»

«አልኳቸው እንጂ! ሦስት ሰዓት ሊሞላ ነው፣ ይሂዱ ብዬ ብለምናቸው 'አብሬ እገባለሁ ብሎኛል፣ ቃሉን አላፈርስበትም' አሉ። አንተን አምኜ ደግሞ... ደርሻለሁ አላልክም?»

«አሁንስ የት አሉ?»

«እዚያው ናቸው። እኔ አፌ እሺ አላለኝም። አንተው ንገራቸው።»

በዚያች ከተማ አራት ቀን ሙሉ ከቦታው ያልተነቃነቀ አንድ ሰው ቢኖር የኔታ ቀለመ ወርቅ ነበሩ። በሌሉበት የተፈረደባቸውም እሳቸው ናቸው።

ደምሌ በሩን ሲከፍት የኔታ ብድግ አሉ። ለእሱ፣ ለተማሪያቸው፣ ብድግ አሉ። ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ አንስተው ግንባሩን ሳሙት።

«መጣህ ልጄ? እኔማ አውቄያለሁ። ያን ጽሕፈት ሳይ ንጉሡ ባልታሳር ነው ትዝ ያለኝ፤ በግድግዳው ላይ የጻፈችዋ እጅ። ያቺ የጻፈችው ፍርድ ነበር። ያንተ እጅ ግን ተስፋ ጻፈችልኝ አልኩ። እንግዲህ እንግባ፤ ዳኛው ሳይቆጣን።»

ደምሌ ነገራቸው። ቆሞ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ ሁሉንም ነገራቸው። ቀጠሮው ማለፉን፣ ፍርዱን፣ መስክ ላይ እንዳልነበረ፣ ከየካቲት ጀምሮ እንዳልነበረ። ብሮውዘር የሚለውን ሊያስረዳ ሲሞክር የኔታ በእጃቸው አስቆሙት።

«እሱን ተረድቼዋለሁ። ከሩቅ ታያለህ፣ ከሩቅ ትጽፋለህ። ይሄ ጥሩ ነገር ነው፤ ክፉ አይደለም።» ኮቱን አዩት። «ይህንን ከእኔ ነው የተማርከው?»



«ጋቢዬን ትቼ ስወጣ» አሉ የኔታ፣ «ከግድግዳው ጀርባ ነበርኩ። ሲከፋችሁ እመለስ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሳልመለስ ቀርቼ አውቃለሁ?»

«አያውቁም፣ የኔታ።»

«አያየኝም ነበር፣ ስጠብቀው?» አሉ፣ ለራሳቸው ይመስል። ከዚያ ቀና ብለው፣ «አይተኸኛል?» አሉት።

«አይቼዎታለሁ።»

ውጭ የቢሆነኝ ሰዎች ሲሳሳቁ ይሰማል።

ደምሌ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያው መቀመጡ ነው። መጻፍ ጀመረ። ፍርዱ በአንድ ወር ውስጥ በቂ ምክንያት ከቀረበ እንደገና ሊታይ ይችላል። ምክንያቱ ደግሞ እሱ ነው። «እኔ ደምሌ ከየካቲት ጀምሮ በሥራ ገበታዬ ላይ አልነበርኩም። ተከሳሹ ያልቀረቡት እኔ በጽሑፍ አታልዬ ስላስቀረኋቸው ነው።» አተመው፣ ፈረመበት፣ በሁለት እጁ ለየኔታ ሰጣቸው።

የኔታ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አነበቡት።

«ይሄ ከዳኛው ፊት ሲነበብ አንተ ምን ትሆናለህ?»

«ምናልባት ከሥራ እወጣለሁ።»

«ሚስት አለችህ?»

«አለችኝ። ስድስት ወሯ ነው።»

የኔታ ወረቀቱን አራት አጠፉት። ቀርበው በገዛ እጃቸው ደረት ኪሱ ውስጥ ከተቱት።

«ተማሪውን አሳልፎ ሰጥቶ ጎጆ ያስመለሰ መምህር ልባል? ተወው። ጎጆ ይሠራል።»

እዚህ ላይ ደምሌ «አይሆንም» ማለት ነበረበት። እሳቸው ባያቀርቡት እሱ ራሱ ግቢውን ተሻግሮ፣ ኃላፊውንም ዳኛውንም «አልነበርኩም» ማለት ይችል ነበር። አርባ ርምጃ አይሞላም። የሆነው ግን ሌላ ነው። ወረቀቱ ኪሱ ሲገባ ደረቱ ላይ የተጫነው ድንጋይ ተነሣለት፤ እፎይ አለ። ደምሌ እስካሁን ድረስ፣ ዝውውሩ ጸድቆ መካነ ኢየሱስ ከገባ፣ ልጁም ፊደል ከቆጠረ በኋላ፣ የሚጸጸተው ስለ ኮቱ አይደለም፤ ስለ «ደርሻለሁ»ም አይደለም። እሱን ሁሉም ሰው ያደርገዋል ብሎ ራሱን ያባብላል። የሚጸጸተው ስለዚያች እፎይታ ነው። ማንም አላያትም፤ እሱ ግን ያውቃታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው በአካል ቢሮው ተገኘ። ኃላፊው ልዩነቱን አላስተዋለም። ወሩ ሳያልቅ ደምሌ ሦስት ጊዜ ግቢውን ሊሻገር ተነሣ። ሁለቱን ጊዜ ከመንገድ ተመለሰ። ሦስተኛው ከወሩ የመጨረሻው የሥራ ቀን ነበር፤ የመዝገብ ቤቱ መስኮት ድረስ ደረሰ።

«የማን ጉዳይ ነው?» አለው ጸሐፊው ቀና ሳይል።

ደምሌ እጁን ደረት ኪሱ ላይ አደረገ።

«የኔ...» አለ። «ቆይ፣ ነገ እመለሳለሁ።»

«ነገ ቅዳሜ ነው።»

«እሺ፣ ሰኞ።»

ሰኞ የሰኔ ሚካኤል ማግስት ነበር። በአራት ሰዓት ገደማ ከዋሻ አቦ አቅጣጫ ሰዎች በከተማዋ መካከል አለፉ። ከአርባው ተማሪ አሥራ አንዱ ቀርተዋል፤ ሌላው ወደየመምህሩ ተበትኗል። አሥራ አንዱ የፈረሰውን ጎጆ ምሰሶና ወጋግራ ተሸክመዋል፤ ስማዳ ወርደው አንድ ደብር ሥር ቦታ ሊለምኑ ነው። የኔታ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ካፊያ ነበር።

ደምሌ ከቢሮው እየሮጠ ወጣ። ከአንዱ ተማሪ ትከሻ ላይ ምሰሶ ተቀብሎ ተሸከመና ከየኔታ ጎን ገባ። ከተማው አልቆ መንገዱ ወደ ቁልቁለቱ ዞረ።

«እስከ የት ነው የምትሸኘን?» አሉ የኔታ።

«እስከ ስማዳ ብሄድ ምንም አይደለም።»

«ቢሮህን ለማን ትተህ?»

«እታለም የሺ አለች።»

«እሷ ትፈርማለች?»

«አትፈርምም።»

«ታዲያ ሰው ቢመጣስ?»

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ያልኩህ ያን ዕለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ይቅርታ አያስፈልግም።» ቆሙ። በመቋሚያቸው ወደ ከተማው አመለከቱ። «ምሰሶውን ለልጁ መልስለት። ተመለስ። ሰው ይጠብቅሃል።»